ክንዱ ለምን አጠረ?

በሜይ 1885 መጨረሻ ገደማ፣ ደቡባዊ ኔዘርላንድ ውስጥ ኑነን በምትባል የገጠር መንደር፣ ለአንድ ሰዓሊ ደብዳቤ ደረሰው። ላኪው የልብ ወዳጁ ነው። አነበበው። ከዚያ ያንኑ ደብዳቤ መልሶ አሸገና ለላኪው ላከለት። የጨመረበት ነገር ቢኖር አንዲት ብጣሽ ማስታወሻ ናት፦ ደብዳቤህ አሁን ደረሰኝ፣ ገርሞኛል፣ ይኸው መልሼልሃለሁ የምትል።

ሰዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎግ ነው። ወዳጁ አንቶን ቫን ራፓርድ ይባላል፤ እሱም ሰዓሊ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአምስት ዓመት ጓደኝነት በዚያ ደብዳቤ ተሰነጠቀ። ጥቂት ወራት ተንገዳግዶ በዚያው ዓመት ጨርሶ ተበጠሰ።

እኔን ይህ ታሪክ የሚይዘኝ በአንድ ምክንያት ነው። ራፓርድ በሥዕሉ ላይ ያነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ እውነት ናቸው። ዛሬም ሥዕሉን ከፍቶ ያየ ሰው ያገኛቸዋል። ታዲያ ትክክለኛ ሂስ እንዴት ጓደኛ ያሳጣል?

እኛ ዘንድ ሥዕሉን ወይም ግጥሙን ይዞ ለሚመጣ ወዳጅ የምንሰጠው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «በጣም ያምራል፣ በርታ!» ነው። ሌላው «እኔ እንደሆንኩ ግልጽ ሰው ነኝ» ተብሎ የሚጀመረው ነው፤ እሱ ከተጀመረ በኋላ የሚተርፍ ነገር የለም። «እስቲ አስተያየት ስጠኝ» የሚለው ልመናም ቢሆን ግማሹ «አመስግነኝ» እንደሆነ እናውቃለን። ራፓርድ ያን ቀን ግልጽ ሰው ሆኖ ዋለ።

ሁለቱ የተዋወቁት በ1880 ብራስልስ ላይ ነው። ራፓርድ የመኳንንት ልጅ ነው። ገንዘብ አለው፣ የሥዕል አካዳሚም ተምሯል። ቪንሰንት በ27 ዓመቱ «ሰዓሊ እሆናለሁ» ብሎ የተነሳ፣ ወንድሙ ቴዎ በሚልክለት ብር የሚኖር ሰው ነበር። ብራስልስ እያለ የራፓርድ ስቱዲዮ ውስጥ ገብቶ ይሠራ ነበር። ከተለያዩ በኋላ ይጻጻፉ ጀመር። ቪንሰንት ለራፓርድ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ወደ 60 የሚጠጉ ዛሬም አሉ። ሁለቱም በእንግሊዝ መጽሔቶች ላይ የሚወጡ በእንጨት ላይ ተቀርጸው የሚታተሙ ሥዕሎችን የመሰብሰብ አባዜ ነበረባቸው፤ ድርብ ያላቸውን ይለዋወጡ ነበር። በ1884 ራፓርድ ሁለት ጊዜ ኑነን ድረስ መጥቶ ጠይቆታል።

ቪንሰንት ራሱ ለስላሳ ሃያሲ አልነበረም፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። በ1881 ራፓርድ አካዳሚ መማሩን ሲነግረው፣ አካዳሚን የሰው ልብ ከምታቀዘቅዝ ውሽማ ጋር እያመሳሰለ፣ ማንም ሳይጠይቀው ረጅም ስብከት ጽፎለታል። ራፓርድ ያን ጊዜ ቻለው። እንግዲህ በመካከላቸው የቆየ ሒሳብ ነበር ማለት ነው።

ወደ ሥዕሉ እንምጣ። «ድንች በላተኞቹ» ይባላል። ቪንሰንት በ1884 እና 1885 መካከል ባለው ብርዳማ ወቅት የገበሬ ፊት ሲሥል ከረመ፤ ወደ 40 የሚሆኑ ራሶች። ከዚያ በኤፕሪል እና በሜይ አምስት ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠ። ከላይ አንዲት ፋኖስ ተንጠልጥላለች። በአንድ ሳህን የቀረበ ትኩስ ድንች ይበላሉ፣ ቡና ይቀዳል። ሸራው 82 በ114 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀለሙን ራሱ ሲገልጸው፣ አቧራ የያዘ፣ ያልተላጠ ድንች ቀለም ነው ብሏል። የፈለገውንም ለቴዎ ጽፎለታል፦ እነዚህ ሰዎች አሁን ወደ ሳህኑ የሚዘረጉት እጅ መሬቱን የቆፈሩበት እጅ መሆኑ እንዲታይ፤ ምግባቸውን በላባቸው ማግኘታቸው እንዲታይ። የገበሬ ሥዕል የጭስና የድንች እንፋሎት ቢሸት ምን ችግር አለው፣ እሱ ጤና ነው፣ እያለ።

ዘይት ቅቡ ከመጠናቀቁ በፊት ሥዕሉን በሊቶግራፍ ማባዛት አማረው። ሊቶግራፍ ድንጋይ ላይ ተስሎ ወረቀት ላይ የሚታተም ነው። አይንድሆቨን ወዳለ አታሚ ሄደ፣ ድንጋዩ ላይ በቃሉ ሣለው፣ በአንድ ቀን ጨረሰው። ሊቶግራፍ ሲታተም ምስሉ ይገለበጣል፤ ሸራው ላይ በግራ የተቀመጠው ሰውዬ ወረቀቱ ላይ በቀኝ ሆነ። ጥቂት ቅጂ ወጣ። አንዷን ለቴዎ፣ አንዷን ለራፓርድ ላከ። ልብ በሉ፦ ራፓርድ ያየው ይህችን ወረቀት ብቻ ነው። ሸራውን አላየም። ቀለሙን አላየም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የቪንሰንት አባት ማርች 26 ቀን 1885 በድንገት ሞተዋል። ቪንሰንት ለራፓርድ መርዶውን የነገረው በታተመ የሐዘን ካርድ ነው። ራፓርድ ዝርዝር ጠበቀ፤ የለም። ተቀየመ። አምስት ዓመት የተጻጻፍን ሰዎች ነን፣ እኔ ካርድ ብቻ የሚላክልኝ ሰው ነኝ ወይ ዓይነት ቅያሜ። ቅያሜው ሰው የማይገባው አይደለም። ችግሩ የገባበት ቦታ ላይ ነው። የሜይ 24ቱ ደብዳቤ የሚጀምረው በዚህ ቅያሜ ነው፤ ከዚያ ወዲያው ወደ ሥዕሉ ይዞራል። አንባቢው ሁለተኛውን ክፍል የሚያነበው በመጀመሪያው ክፍል ቃና ነው። ቪንሰንት ደግሞ አባቱን ከቀበረ ሁለት ወር አልሞላውም።

ራፓርድ ያለው በአጭሩ ይህን ይመስላል። እንዲህ ያለ ሥራ የምርህ እንዳልሆነ አንተም ትስማማለህ። ከዚህ የተሻለ መሥራት ትችላለህ፤ ታዲያ ለምን ሁሉን ነገር በላይ በላዩ ታየዋለህ? ሰዎቹ ፎቶ እንደሚነሱ ተደርድረዋል። ከኋላ ያለችው ሴትዮ እጅ እንዴት ያለ ሽኮርመማ ነው፣ ፍጹም ውሸት! ያ የቡና ማንቆርቆሪያ ምን እያደረገ ነው? አልተቀመጠም፣ አልተያዘም፤ ታዲያ ምን ሆኖ ነው? በቀኝ ያለው ሰውዬ ጉልበት፣ ሆድ፣ ሳንባ እንዳይኖረው ማን ከለከለው? ወይስ ጀርባው ውስጥ ናቸው? ክንዱ ለምን በአንድ ሜትር አጠረ? ግማሽ አፍንጫውስ የት ሄደ? በግራ ያለችው ሴትስ፣ አፍንጫዋ ጫፉ ላይ ኩብ የተሰካበት የፒፓ ዘንግ መሆኑ ለምንድን ነው? እንዲህ እየሠራህ የሚሌንና የብረቶንን (ሁለቱም ገበሬ በመሣል የታወቁ ሰዓሊዎች ናቸው) ስም ለመጥራት ትደፍራለህ? ኧረ ተው! ጥበብ እንዲህ የሚቀለድበት ነገር አይደለም።

ሳነበው መሳቄን አልደብቅም። አፍንጫዋ ፒፓ፣ ሳንባው ጀርባው ውስጥ! በደንብ የተጻፈ ነው። የመጀመሪያውን አደጋ እዚህ አየዋለሁ፤ ሂስ ለጻፊው ሲጥመው። አንዱ ቀልድ ሲሳካ ሌላው ይከተላል፣ ብዕሩ ይሞቃል፣ ከወረቀቱ ማዶ የተቀመጠው ሰው ይረሳል። ጉልበቱና ክንዱ ቢበቁ ኖሮ አፍንጫዎቹ ባልተጨመሩ ነበር።

አሁን ደብዳቤውን እንበትነው። ውስጡ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል።

ክንዱ አጭር ነው፣ ጉልበቱ የለም፣ እጅና ማንቆርቆሪያው አይገናኙም። ይህ በዓይን የሚታይ ነው። ሥዕሉን አቅርቦ ማየት፣ ማመን ወይም መከራከር ይቻላል። ራፓርድ አካል መሣል የተማረ ሰው ነው፤ ዓይኑ አልሳተም። ከዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ቢጻፍ ቪንሰንት ለሳምንት የሚሠራው ነገር ያገኝ ነበር።

ሁለተኛው ስለ ሰውዬው ሐሳብ የተሰጠ ፍርድ ነው፦ የምርህ አይደለም፣ በላይ በላዩ ነው የምታየው። 40 ራስ የሣለ ሰው እንዴት የምሩ አይሆንም? ራፓርድ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ አልጠየቀም። አጭር ክንድ አየ፣ ከክንዱ ተነስቶ ስለ ልብ ፈረደ። ስንፍናና ጥድፊያ በውጤት ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ አለመቻልም ይመሳሰላቸዋል፤ ሆን ብሎ ማዛባትም እንዲሁ። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው። «የተሻለ መሥራት ትችላለህ» የሚለውም ምስጋና መስሎ ክስ ነው፤ እየቻልክ ሆን ብለህ አበላሸኸው ማለት ነው።

ሦስተኛው ሚሌ ነው። ለቪንሰንት ዣን ፍራንሷ ሚሌ የገበሬ ሥዕል አባት ነበር፤ በሥራውም በኑሮውም የሚከተለው። «ስሙን ለመጥራት ትደፍራለህ» ሲባል የተነካው የሰውዬው ክንድ አይደለም። ከዚህ ጉባኤ ውጣ፣ አንተ ከኛ አይደለህም መባል ነው። ራፓርድ በትውልድም በትምህርትም በር ተከፍቶለት የገባ ሰው ነው፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነም ቃሉን ያከብደዋል።

የጥያቄዎቹ ነገርስ? ደብዳቤው በ«ለምን» የተሞላ ነው። አንዱም ግን መልስ አይፈልግም። የሚገርመው አብዛኞቹ መልስ ነበራቸው። ክንዱ ለምን አጠረ? ድንጋዩ ላይ በቃሉ፣ በአንድ ቀን ስለሣለው። ቪንሰንት በኋላ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ይህንኑ አስረድቷል፤ ሊቶግራፉ ሙከራ ነበር ብሏል። ያው ጥያቄ ከልብ ተጠይቆ ቢሆን የጉዳዩ ግማሹ በአንድ ፖስታ ያልቅ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ግምት ነው ሊባል ይችላል። «ቪንሰንት እንደሆነ ቁጡ ነው፣ ማንም ምንም ቢለው ያኮርፍ ነበር» የሚል አይጠፋም። ይህን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ግን በዚያው ወቅት፣ ስለዚያው ሥራ፣ ሌሎች ሰዎችም ሂስ መስጠታቸው ነው።

ቴዎ ሊቶግራፉ ደርሶት፣ ብዥ ብሏል፣ ነገሩ ጥርት አላለም ዓይነት አስተያየት ላከ። ቪንሰንት ምን አለ? እኔም እንደዚያው አይቼዋለሁ አለ። አታሚው ድንጋዩ ላይ ነጭ ቦታ አልተውክም ብሎኝ ነው፣ በሱ ምክር ብርሃን ቦታዎቹን በአሲድ አስበልቼ ነው፣ እያለ ሥራው እንዴት እንደተበላሸ አስረዳው። ቁጣ የለም፤ የሙያ ወሬ ነው።

ቀጥሎ ደግሞ ሰውነቶቹ እንደ ራሶቹ አልሆኑም የሚል ነገር ከቴዎ መጣ። ይህ በመሠረቱ የራፓርድ «ሆድና ጉልበት የት አለ» ነው! ቪንሰንት፣ ያልከው እውነት ነው፣ ስለዚህ ከእንግዲህ ከራስ ሳይሆን ከደረትና ከወገብ ልጀምር አስቤያለሁ ብሎ መለሰ። አደረገውም። በዚያ ዓመት አጋማሽ ላይ በጥቁር ቾክ ትልልቅ ንድፎች ሠራ፤ ያጎነበሱ ሴቶች፣ የሚቆፍሩ፣ የሚያጭዱ። ጀርባቸውና ዳሌያቸው ክብደት አለው። ያ ሁሉ የመጣው ከዚያ ሂስ ነው። ግን ከቴዎ አፍ።

ሌላው ሻርል ሴሬ የሚባል ፓሪስ ያለ፣ በዕድሜ የገፋ ሰዓሊ ነው። ሥራውን ቴዎ አሳይቶት፣ በአካል አሣሣል ላይ ስህተት አለ ብሏል። ቪንሰንት በጁላይ ለቴዎ የመለሰው መልስ ከጻፋቸው ሁሉ ከምወዳቸው አንዱ ነው። ለሴሬ ንገረው አለ፤ ሰዎቼ በአካዳሚ ሚዛን ልክ ቢሆኑ ተስፋ እቆርጥ ነበር። የሚቆፍር ሰው ፎቶ ቢነሳ በእርግጥ እየቆፈረ አይመስልም። እኔ የምመኘው እንዲህ ያሉትን አለመመጣጠኖች መማር ነው፤ ውሸት ልትሏቸው ካሻችሁ በሏቸው፣ ግን ከደረቁ እውነት የበለጠ እውነት የሆኑ ውሸቶች።

እዚህ ላይ ሂሱን አልተቀበለም፣ ተከራከረ። ግን ክርክሩ ምን እንዳስገኘ እዩ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ጥርት አድርጎ ያልተናገረውን የራሱን ሐሳብ አወጣለት። ጥሩ ሂስ የግድ «እሺ» አያሰኝም። አንዳንዴ «እምቢ፣ ምክንያቱም…» ያሰኛል፤ ከ«ምክንያቱም» በኋላ የሚመጣው ነገር ከእርማቱ ይበልጣል።

አንድ ነገር መደበቅ የለብኝም። ቴዎ ወንድምና ቀላቢ ነው፤ ከሱ ጋር መጣላት እንደ ራፓርድ አይቀልም። የሴሬም ቃል የደረሰው በቴዎ በኩል ተጣርቶ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ የቃና ነው አልልም። ግን አንድ ልዩነት ይታየኛል። ቴዎ ሊቶግራፉ ብዥ ብሏል አለ፤ ስለ ሊቶግራፉ። ራፓርድ ቀልደሃል አለ፤ ስለ ሰውዬው።

ራፓርድን ብሆን ምን እጽፍ ነበር? እስቲ ልሞክረው፤ ሂሱን ሳላለዝብ።

«ወዳጄ ቪንሰንት፣ የአባትህ ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ካርዱ ብቻ ስለደረሰኝ እንዴት እንደሆንክ ሳላውቅ ቆየሁ፤ ስትችል ጻፍልኝ። ሊቶግራፉ ደርሶኛል። መጀመሪያ ያየሁት ፋኖሱንና ሰዎቹ ተጠጋግተው መቀመጣቸውን ነው፤ ቤቱ ጠባብ መሆኑ ይሰማል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የቀኙን ሰውዬ ስከተለው ከጠረጴዛው በታች ይጠፋብኛል፤ ጉልበቱን ፈልጌ አጣሁት፣ ክንዱም አጥሮ ታየኝ። ከሞዴል ነው ወይስ በቃልህ የሣልከው? ሸራው ላይም እንዲሁ ነው? ሆን ብለህ ከሆነ ምን ፈልገህ እንደሆነ ንገረኝ፣ እኔ አልደረስኩበትም። ማንቆርቆሪያውንም እንደገና እየው፤ እጅዋ የያዘው አልመሰለኝም። ከቻልኩ መጥቼ ሸራውን ባየው ደስ ይለኛል።»

ክንዱ አሁንም አጭር ነው፣ ማንቆርቆሪያውም እንደተንጠለጠለ ነው። አፍንጫዎቹን ለሌላ ቀን አቆይቻቸዋለሁ። ሚሌ ደግሞ ጭራሽ አልተነሳም።

ቪንሰንትንም ነጻ አላወጣውም። ደብዳቤውን መመለሱ የተቆጣ ሰው ሥራ ነው፤ ይገባኛል። ከዚያ በኋላ ግን በወራት ውስጥ ረጃጅም ደብዳቤዎች ጻፈ፤ አስረዳ፣ ተሟገተ፣ ለመታረቅ የሞከረም ይመስላል። ከነዚያ ደብዳቤዎች አንዱ ውስጥ ነው፣ ገና የማልችለውን ነገር ሁልጊዜ የምሠራው መቻልን ለመማር ነው ያለው። ድንቅ መልስ ነው፤ ለ«ትችላለህ፣ ግን ቀለድክ» የሚስማማው መልስ ራሱ ነው። ችግሩ አንድ ነገር ደጋግሞ መጠየቁ ነው፦ የጻፍከውን ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ ተውኩት በል። ራፓርድ እንዴት ብሎ? ክንዱ እኮ አጭር ነው። ቃናውን ይቅርታ መጠየቅ ይቻላል፤ ያዩትን አላየሁም ማለት ግን አይቻልም። ቪንሰንት ሁለቱን ለይቶ ቢጠይቀው ምናልባት ያገኘው ነበር። አልለየም። በዚያው ዓመት መጻጻፋቸው ቆመ።

ደብዳቤው ራሱ እስከ ዛሬ የተረፈው በዚህ ጠብ ሰበብ ነው። ቪንሰንት የሰው ደብዳቤ የማስቀመጥ ልማድ አልነበረውም። ይህኛው ግን ወደ ጻፈው ሰው ስለተመለሰ ከቪንሰንት ደብዳቤዎች ጋር ተቀምጦ ቆየ።

ቪንሰንት በ1887 ከፓሪስ ለእህቱ ሲጽፍ፣ ከሠራኋቸው ሁሉ የሚበልጠው ያ ድንች የሚበሉ ገበሬዎች ሥዕል ነው አላት። በ1890 ደግሞ፣ ደቡብ ፈረንሳይ ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ፣ የድሮ የሰው ንድፎቼን ላክልኝ ብሎ ቴዎን ጠየቀ፤ ያን የፋኖስ ሥዕል እንደገና በቃሌ ልሠራው አስቤያለሁ አለ። አልሠራውም። በዚያው ዓመት ጁላይ 29 ሞተ። ዕድሜው 37 ነበር።

ራፓርድ ይህን ሲሰማ ለቪንሰንት እናት ጻፈላቸው። ልጅዎ ትልልቅ ሰዓሊዎች ከሚወጡበት ዘር ነበር አላቸው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አለመግባባት ለያየን፣ ብዙ ጊዜ ጸጽቶኛል፣ እሱንና አብረን ያሳለፍነውን ጊዜ ግን ረስቼ አላውቅም አለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በማርች 1892፣ ራፓርድም በ33 ዓመቱ አረፈ። በ1885 የታተመ ካርድ ብቻ ደረሰኝ ብሎ የተቀየመው ሰው፣ ለዚህኛው ሐዘን የራሱን ቃል በራሱ እጅ ጽፏል።